«እናትህ ታውቃለች?»

«ከእናቱ ጋር ያወራህበት ሰዓት አገልግሎት አይደለም። ደንበኛችን ልጁ ነው» አለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ። ንግግሯ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሲያትል ውስጥ ፒር ስፔሻሊስት ነኝ፤ በተመሳሳይ ችግር ያለፈ አጋዥ ማለት ነው። የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው ከእስር የሚወጡ ሰዎችን ተቀብዬ አብሬያቸው እሆናለሁ። ለዚህ ሥራ ሰርተፊኬት ብቻ አይበቃም፤ በራስ ላይ የደረሰ ነገርም ያስፈልጋል። እኔ ታስሬ አውቃለሁ፣ መድኃኒትም እወስዳለሁ። ሌላ ቦታ ማመልከቻዬን ከበር የሚያስመልሰው ታሪክ እዚህ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርልኛል።

ልጁ አበሻ ነው። ድምፅ ይሰማዋል። ሱቅ ውስጥ ጮኸ፣ ፖሊስ ተጠራ፣ ታሰረ። ጉዳዩ ትንሽ ነበር፤ እስሩ ግን ረዘመ። ተከሳሹ ክሱን መረዳት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ካልታወቀ ክርክሩ ይቆማል። ለምርመራው ወረፋ አለ፤ ሕክምና ያስፈልገዋል ከተባለ ደግሞ ለአልጋው ሌላ ወረፋ። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ይኸው ወረፋ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የፌዴራል ዳኛዋ ማርሻ ፔችማን እ.ኤ.አ. በ2015 ሕመምተኞችን እንዲህ እስር ቤት ማቆየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈርደዋል። ከፍርዱ በኋላም ብዙ ሰው ጠብቋል። ልጁም ከጠበቁት አንዱ ነው።

የወጣ ቀን በር ላይ ተቀበልኩት። እጁ ላይ የላስቲክ ከረጢት ይዟል። ውስጡ ቀበቶ፣ ባትሪው ያለቀ ስልክና አንድ ቁልፍ አለ። የምን ቁልፍ ነው ስለው፣ «የድሮ ክፍሌ ነው። አሁን ሌላ ሰው ገብቶበታል» አለኝ። ቁልፉን አልጣለውም። ክኒኑ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ነው። ሰው ታስሮ ሲቆይ የሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የሕክምና መድን) ሽፋኑ ይታገዳል፤ ሲወጣ በትክክል ካልተከፈተ ፋርማሲ ደርሶ ባዶ እጅ መመለስ አለ።

ሰው የሚሞትብን በዚህ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት እዚሁ ግዛት ከወህኒ የወጡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም በላይ የሚገድላቸው ከመጠን በላይ የተወሰደ ዕፅ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ከፎርም በፊት የምጠይቀው «ማታ የት ነው የምታድረው?» ብዬ ነው።

ልጁ መልስ አልነበረውም። ቡና ቤት ገብተን ስልኩን ቻርጅ አደረግን። ለማን እንደውል ስለው «ለእማዬ። ግን አንተ አውራት» አለ። እናቱን እንዳናግር ፈቅዶ የሚፈረመውን ፈረመ፤ ስልኩንም ደውሎ ሰጠኝ። እናቱ እሱ ከታሰረ ጀምሮ ለሰው ሁሉ «ልጄ ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል» እያሉ ነበር የከረሙት።

«ማን ልበል?» አሉ።

ስሜን ነገርኳቸው። ልጅዎ አጠገቤ ነው፣ ደህና ነው አልኳቸው። «ተመስገን!» ብለው ወዲያው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«አንተ ሐኪሙ ነህ?»

«አይደለሁም፣ እናቴ።»

«ጠበቃው ነህ?»

«እሱንም አይደለሁም። እኔም እንደ ልጅዎ ታምሜ ነበር፤ ታስሬም ነበር። አሁን መድኃኒቴን እየወሰድኩ እሠራለሁ። ሥራዬ ከእሱ ጋር መሆን ነው።»

ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ሀሎ አልኩ።

«እናትህ ታውቃለች?»

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል። ምን አጥፍተህ ነው፣ ምን ያህል ታሰርክ፣ ምን ትወስዳለህ። ይኼን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው። «የእሷ ልጅ እኮ አማኑኤል ገባ» ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ቦታ ነው ያደግኩት። የእኔን ነገር የሰማችው በስልክ፣ ከሰው አፍ ነው። ሴትዮዋ ስለ ልጃቸው እየጠየቁኝ እንዳልሆነ ገባኝ። ስለ ራሳቸው ነው።

«ታውቃለች» አልኳቸው።

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ሰውስ ሰማ?»

«ሰማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰዉ ሌላ ወሬ ያዘ። እናቴ ግን ዛሬም ትደውላለች። መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ ትለኛለች።»

ትንሽ ቆይተው «በል እስቲ ልጄን አገናኘኝ» አሉ። ስልኩን ሰጠሁት። «እማዬ» ካለ በኋላ ቃል አጣ። ከስልኩ ውስጥ «ምሳ በላህ?» ሲሉት እኔም ሰማሁ። የዚያን ዕለት ማታ እሳቸው ቤት አደረ።

ባልደረባዬ አገልግሎት አይደለም ያለችው ይኼን ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደንቡንም ታውቃለች። የፒር ሥራ በሜዲኬይድ እንዲከፈል መጀመሪያ ያደረገችው የጆርጂያ ግዛት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1999። በ2007 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶቹ ደብዳቤ ጽፎ ሥራውን ሲቀበል፣ ፒሩ ሠልጥኖ ሰርተፊኬት እንዲይዝ፣ ባለሙያ እንዲቆጣጠረውና ሥራው ከሌላው ሕክምና ጋር እንዲቀናጅ ጠየቀ። ስለዚህ የምጽፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከደንበኛው ዕቅድ ጋር መያያዝ አለበት። ይኼን አልቃወምም። ግን ዕቅዱን ከፍቼ አሳየኋት። አንደኛው ግብ «መኖሪያ ማግኘት» ይላል። ልጁ ዛሬ የሚያድረው እናቱ ቤት ነው። ያንን በር ያስከፈተው ያ ስልክ ነው።

«ስለራስህ ለቤተሰብ መናገር ድንበር ማለፍ ነው» አለች።

«ሐኪሙ ስለ በሽታው ነግሯቸዋል። ጠበቃው ስለ ክሱ ነግሯቸዋል። ከዚህ በኋላም ሰው መሆን እንደሚቻል የነገራቸው ግን አልነበረም» አልኳት። ስብሰባው ወደ ሌላ ደንበኛ አለፈ። ሰዓቱም ሳይከፈል ቀረ። ማስታወሻዬን ግን አልቀየርኩም፤ የሆነው እንደሆነው ተጽፎ ፋይሉ ውስጥ አለ።

ሁሉም ነገር በዚያ ስልክ አለቀ ማለቴ አይደለም። እናቱ በሳምንቱ ደውለው «ጸበል ልወስደው ነው፤ መርፌው ይቅርበት» አሉኝ። በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የሕመሙ መድኃኒት ነው። ልጁ በዚህ ላይ የሚለው እንዳለ ጠየቅኩት። «ሁለቱንም እፈልጋለሁ» አለ። ይህንኑ እሱ ራሱ እንዲነግራቸው ሦስታችንም ቁጭ ብለን አወራን። አኮረፉ። ከዚያ የመርፌው ቀን ሲደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውት መጡ። ጸበሉንም አልተዉም፣ መርፌውንም አላስቀሩም። ድምፁ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣበታል። ሲመጣበት ለእሳቸው ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ይደውሉልኛል።

ቁጥሬን ለሌላ እናትም ሰጥተዋል። እሑድ ዕለት ደወሉልኝ። የእሳቸው ልጅ ገና እስር ላይ ነው። መሥሪያ ቤቴ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ምዝገባ ክፍል ላከው ይላል፤ እልካለሁ። በፊት ግን የልባቸውን አውርተው እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። አሁን ልጁ የሚወጣበትን ቀን ከጠበቃው እያጣራን ነው።