ባጃጁ፣ አይጧና እኔ

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠ። ዝናብ ነበር። የእጄ አጥንት ተሰነጠቀ፤ ጀሶው በስድስት ሳምንት ወለቀ። ፍርሃቱ ግን አብሮ አልወለቀም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ የባጃጅ ጡሩምባ ስሰማ ወደ ግንብ እጠጋለሁ። ትምህርት ቤት በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ስፖርት ነው" እላለሁ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ምግብ ሳያይ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ለሃጩ የሚዝረበረበውን የፓቭሎቭን ውሻ በየዓመቱ አስተምራለሁ። የራሴ ጉድ የገባኝ ግን ስለ ሌሎች ውሾች ሳነብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሰለሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ሳጥኑ መሐል አጥር አለው። መብራት ይጠፋል፤ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ወለሉ ይነዝራል። ውሻው ዘሎ ያመልጣል። ውሎ አድሮ መብራቱ እንደጠፋ፣ ሳይነዝረው ይዘላል። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አቋረጡት። ውሾቹ ግን መዝለል አላቆሙም፤ መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ። ወለሉ እንደማይነዝር ለማወቅ እኮ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ማን ይቆማል! ደግሞ ሲዘሉ ብዙም አይደነግጡም፤ ተረጋግተው፣ እንደ ሥራ። "ስፖርት ነው" ቢሉ አይገርመኝም።

ጥር ላይ እህቴ ወለደች፤ ላርሳት አዳማ ሄድኩ። እዚያ ያለ ባጃጅ ገበያ መሄድ አይታሰብም። የመጀመሪያ ቀን ብረቱን ጨምድጄ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሳምንቱ ከሾፌሩ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንጨቃጨቅ ነበር። በሁለተኛው ወር ጭራሽ ረሳሁት።

ሐዋሳ ተመልሼ መናኸሪያ ወረድኩ። "እህቴ ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ" አለኝ የባጃጁ ልጅ። እግሬ እምቢ አለ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ።

ቡተንና ቦልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የአይጥ ሙከራ ይህንኑ ይመስላል። አይጧ አንድ ሳጥን ውስጥ ድምፅ በሰማች ቁጥር ይነዝራታል፤ ድምፁን ትፈራለች። ሌላ ሳጥን ወስደው ድምፁን ብቻውን ደጋግመው ያሰሟታል፤ ፍርሃቷ ይለቃታል። ወደ መጀመሪያው ሳጥን ሲመልሷት ግን ፍርሃቱ ይመለሳል። የድሮው ትምህርት አልጠፋም፤ አዲሱ ከላዩ ተደረበ እንጂ። አዲሱ ደግሞ ከተማረችበት ቦታ ርቆ መሄድ አይወድም። አዳማ ለካ ሁለተኛው ሳጥኔ ነበረች።

አሁን ከፒያሳ እሳፈራለሁ፤ በየጠዋቱ፣ እዚያው በተገለበጥኩበት መንገድ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዓይኔንም አልጨፍንም።

ትናንት ዘነበ። ግማሽ መንገድ ላይ "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩ።