የማርታ ወይን እና የእትዬ አፍንጫ

ኦክላንድ ውስጥ በምሠራበት ምግብ ቤት ማርታስ ቪንያርድ የሚባለው ቀይ ወይን የሚከፈተው ከስንት አንዴ ነው። የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ የሳምንት ጉርሻዬን ይውጣል። እንግዳ ሩቡን ትቶ የሄደ እንደሆነ የወይን ኃላፊያችን ጠርሙሱን ደፍኖ ያሳድርና በማግስቱ ከምሽቱ ሥራ በፊት ለእኛ ለአስተናጋጆቹ ጠብ ጠብ ያደርግልናል። ከዚያ ፈተናው ይመጣል፤ ምን ይሸታችኋል?

አንዱ ጥቁር እንጆሪ አለ፣ ሌላዋ ቸኮሌት። እኔ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ እንዳስጠጋሁ «ባህር ዛፍ» አልኩ። ሳቁብኝ።

«ናና ነው» አለ ኃላፊው፣ በእጁ የያዘውን ወረቀት እያሳየኝ። «ይኸው፣ ናና ተብሎ ተጽፏል።»

«ናናን አውቀዋለሁ። ይህ ናና አይደለም።»

«አፍንጫህ ገና አልሠለጠነም።»

በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። የባለሙያነት ፈተና ያለፈበትን ባጅ ኮቱ ላይ ሳይሰካ አይውልም።

ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ጓዳ ገባሁ። ዕቃ የሚያጥቡልን እትዬ የጉለሌ ሴት ናቸው፤ መጠጥ የሚባል በአፋቸው አይዞርም። ምንም ሳልናገር ከአፍንጫቸው ሥር አደረግኩላቸው። ሸተት አደረጉና ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?»

ቅጠሉ ተቀቅሎለት በጋቢ ተሸፋፍኖ የታጠነ ሰው ይህን ጥያቄ ማንም ሊያብራራለት አያስፈልግም።

ነገሩ አልወጣልህ ብሎኝ ስለ እርሻው ማንበብ ያዝኩ። ጆ ሃይትዝ ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር ካሊፎርኒያ፣ ናፓ ሸለቆ ውስጥ የወይን መጥመቂያውን የከፈተው በ1961 ነው፤ ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቶምና ማርታ ሜይ የተባሉ ባልና ሚስት ኦክቪል ላይ ወደ 14 ሄክታር የሚጠጋ ማሳ ነበራቸው፤ ሃይትዝ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለውን ቀይ የወይን ፍሬ ከእነሱ ይገዛ ነበር። ከ1966 ምርት ጀምሮ የዚያን ማሳ ወይን ከሌላ ሳይቀላቅል ለብቻው እየሞላ የማርታን ስም በጠርሙሱ ላይ ጻፈበት። የ1970ው ምርት የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ወይኖች በተወዳደሩበት በ1976ቱ የፓሪስ ቅምሻ ከቀረቡት አንዱ ነው። ከማሳው ዳር ምን ተሰልፎ እንደቆመ ሳነብ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፤ ባህር ዛፍ! መነሻው አውስትራሊያ ሆኖ በ19ኛው መቶ ዘመን ካሊፎርኒያም እኛም አገር የገባው ያው ዛፍ።

የአውስትራሊያ ወይን ተመራማሪዎችም አጥንተውታል። ለዛፉ የቀረበው ረድፍ ሽታው ይበረታል። በለቀማ ጊዜ ከዘለላው ጋር ሾልኮ የሚገባ ቅጠል ደግሞ ጥቂቱም ቢሆን ለወይኑ ይበቃዋል። የማርታ ሽታ ከወይኑ ዝርያ የመጣ ነው እንጂ ዛፉ የለበትም የሚሉም አሉ። እነሱ እትዬን አላገኟቸውም።

ጥናቱን አትሜ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አነበብኩትም አላለኝ፣ አላነበብኩትም አላለኝ።

ከወራት በኋላ አንድ አዛውንት እንግዳ ያዘዙትን ማርታስ ገና እንደቀመሱ «መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ተበላሽቷል» ብለው ሊመልሱት ፈለጉ። አፌን ስከፍት ኃላፊው ከየት መጣ ሳይባል ደረሰ። የዛፎቹን ረድፍ በጣቱ አየር ላይ ሣለላቸው፤ ከዘለላው ጋር ስለሚሾልከው ቅጠል አወራቸው፤ እኔ በእርሳስ ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር ሳይቀር አነበነበው። እንግዳው እንደገና አሸተቱ፣ ፈገግ አሉ፣ ጠርሙሱን ጨረሱት።

«ይህን ሁሉ እንዴት አወቅኸው?» ብለው ጠየቁት።

«አፍንጫን ማሠልጠን ነው» አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ውኃ እየቀዳሁ ነበር።

የዚያ ምሽት ጉርሻ ደህና ነበር፤ በቤቱ ደንብ ለሁላችንም ተከፋፈለ። ስለዚህ ምንም አልጎደለብኝም እላለሁ፤ እያልኩም ያንገበግበኛል። ለእትዬ ብነግራቸው «አንተም ለፈረንጅ ሁሉን ታወራለህ» ብለው ወደ ሳህናቸው ዞሩ። እውነት ነው፣ አወራለሁ።

በቅርቡ አዲስ አስተናጋጅ ተቀጠረ። በቅምሻው ሰዓት ልጁ ከወረቀቱ ላይ አይቶ «ናና» ሲል ኃላፊያችን በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ባህር ዛፍ ነው» አለው። «አይዞህ፣ ለመለየት ዓመታት ይፈጃል።»