ከዚህ ወንበር አስነሳኝ ብዬ ነበር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መድረክ ላይ ወጥቶ መመስከር አይሆንልኝም፤ ማይክ ስይዝ ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ጽፌዋለሁ።

ሙያዬ ፕሮግራመርነት ነው። አምስት ኪሎ ተምሬ እንደወጣሁ ለነጋዴዎች የሂሳብ ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ድርጅት ገባሁ። ቢሯችን ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ ዞርን። ደሞዙ ደህና ነው፣ ሥራውንም እወደዋለሁ። ግን ከተማሪዎች ኅብረት ጊዜዬ ጀምሮ አንድ ሸክም አልለቀቀኝም፤ የወንጌል ተልዕኮ። በኔ ጭንቅላት ደግሞ ሚሽነሪ ማለት ወንዝ የሚሻገር፣ ጫማው ጭቃ የበላ ሰው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተጎንብሼ የተጨማሪ እሴት ታክስ አስላለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ማታ አራት ኪሎ አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ላይ የምለው ሁሌ አንድ ነገር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ወንበር አስነሳኝ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ብድግ ትላለች። «ጉሊት ተቀምጬ ያስተማርኩሽ አገር ላገር እንድትንከራተቺልኝ ነው?» አልፈርድባትም። የቤት ኪራዩም የታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤትም በኔ ደሞዝ ነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ማመልከቻ አስገባሁ፣ ሰው አማከርኩ፣ ሁሉም «እንጸልይበት» ይለኛል። በመጨረሻ ጸሎቴን ቀየርኩ። ምልክት መጠየቅ ብዙም ደስ አይለኝም፤ ምልክት የሚፈልግ ሰው የበር መንኳኳቱንም ትንቢት ያደርገዋል። ግን ደክሞኝ ነበር። «የምትፈልገኝ ከሆነ የሚፈልገኝን ሰው ራስህ ላክ። ካልሆነ ይህን ሸክም አንሳልኝና ልረፍ» አልኩት።

የዚያው ሳምንት እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ አንድ ጋሼ በር ላይ አስቆሙኝ። «የኮምፒውተሯ ልጅ አንቺ ነሽ?»

ፕሪንተር የተበላሸ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዴ «ኮምፒውተር ትችላለች» ከተባለ ፕሮጀክተሩም ጄኔሬተሩም ያንቺው ነው።

ጋሼ ድሮ ፒያሳ ታይፒስት ነበሩ። የሰባት ቤት ጉራጌ ሰው ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ለልጆች የሚሆን የወንጌል ምንባብ በቋንቋቸው አዘጋጅተው፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ተይበውት ነበር። ሳይታተም ገንዘብ አለቀ። ቆይቶ ኮምፒውተሩ ሞተ። ፋይሉ በፍላሽ ተርፏል፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ግን «እግዚአብሔር» መሆን ባለበት ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቃለ አጋኖና የኢሜይል «አት» ተደባልቆ ይመጣል። ገጹ ሁሉ እንደዚያ ነው። አንድ ቦታ ወስደውት «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ጣሉት» ተብለዋል።

እኔ ሳየው ልቤ ደነገጠ። አልተበላሸማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዘመን ፎንት፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የሚይዘው ፋይል፣ ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው። የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላዎቹ በዚያ አይበቃም። ስለዚህ ፎንት የሚሰሩ ሰዎች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዱን ለሁለት ከፍለው፣ አንዳንዱን ሌላ ፎንት ውስጥ ከተው። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር የሚያሳየው ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ ነው። ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ቁጥር ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ልዩ ፊደላት የተጨመሩት ደግሞ በ2005 ነው። ከነሱ አንዷ ይህቺ ናት፦ ⷘ። ስልካችሁ ላይ ባዶ ሳጥን ሆና ከታየቻችሁ የጋሼ ችግር ገብቷችኋል ማለት ነው።

የልወጣ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ። ኮዱ ከባድ አልነበረም። የከበደው ሌላ ነው። ጋሼ ያቺን ፊደል በኪቦርዳቸው ስላላገኟት «ገ» ጽፈው ከኋላዋ ትንሽ ጭረት ያደርጉ ነበር። ያችኑ ጭረት ደግሞ ለትምህርተ ጥቅስም ተጠቅመውባታል። ፕሮግራሙ ከየት አባቱ ይለይ? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ አንድ በአንድ አሳያለሁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑ ላይ ይደፋሉ። «ይሄ ፊደል ነው። ይሄም ፊደል ነው። ቆይ... እዚህ ጋ ኢየሱስ እየተናገረ ነው፣ ጥቅስ ነው።»

የመጀመሪያው ምዕራፍ ጠርቶ የወጣ ቀን ጋሼ አገር ቤት ላሉት እህታቸው ደውለው በስፒከር አነበቡላቸው። እህት ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያ አንድ ቃል ላይ አስቆሙና አረሟቸው። ጋሼ ተናደዱ። «ያኔ እንዲህ በል ያልሽኝ አንቺው ነሽ!» ሁለት የሸበቱ ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ በቆየ አንድ ቃል ሲጨቃጨቁ እኔ ሳቄንም እንባዬንም መያዝ አቃተኝ።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ለዚህ ፋይል ስንት ጊዜ እንደጸለዩ አጫወቱኝ። የሚከፍትልን ሰው ስጠን ይሉ ነበር። እኔም የዚያን ሳምንት ምን ብዬ እንደለመንኩ ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን ይደንቃል?» አሉና ሻያቸውን ጨረሱ። ጥቂት ቆይተው «ባስልኤልን ታውቂዋለሽ አይደል? ዘጸአት 31። ሰባኪ አልነበረም፤ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፣ መንፈስ የሞላበት» አሉኝ።

ጭቃ የበላውን ጫማ አልናቅኩትም፤ የሚሄዱትን አሁንም አከብራለሁ። ግን አሁን ተልዕኮ ሲባል ቀድማ ትዝ የምትለኝ አስቴር ጋኖ ናት። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ሲታተም ሁሉም የሚያነሳው ተርጓሚውን ኦኔሲሞስ ነሲብን ነው፤ ይገባዋልም። ቃላቱን እየለቀመች የመዘገበችው አስቴር ግን ስንቶቻችን ስሟን እንጠራለን?

አለቃዬን በሳምንት አንድ ቀን ይቀነስልኝ ብዬ ጠየቅኩት፣ ደሞዜም አብሮ። አይሆንም ይለኛል ብዬ ነበር። የጌታን ነገር ብዙም የማይሰማ ሰው ነው፤ «እንሞክረው» አለኝ። የጎደለው ገንዘብ ይሰማል፣ አልዋሽም። ግን ወንድሜ ዘንድሮ ሥራ ስለያዘ ኪራዩን ይጋራኛል፤ ይህንንም ከመልሱ ቆጥሬዋለሁ። እናቴስ? ጋሼ አንድ ቀን ቤት መጥተው ቡና ጠጡ፣ መረቋት። ከሄዱ በኋላ «ሚሽን ይሄ ከሆነ ግድ የለም፣ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ።

አሁን ኪማን በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለስልክ የሚሆን ኪቦርድ እየሠራሁላቸው ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ያቺን ፊደል ያለ ጭረት እንዲጽፏት። የወንጌሉ ምንባብ ተለውጦ አልቋል፤ እርማት ላይ ነው። የቀረን መዝሙሩ ነው። እሱ ያለው ፍላሽ ላይ ሳይሆን ፍሎፒ በሚባለው የድሮ ዲስክ ላይ ነው፤ ጋሼ በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ጸልዩልን። ፍሎፒ የሚያነብ ማሽን ያለው ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ፣ ከጸሎቱ ጋር እሱንም ይዛችሁ ኑ።