ካርታዬ ላይ ያልነበሩት ሁለት ወንዞች

«ልጄ፣ ካርታህ ላይ ወንዝ የለም እኮ። እኛ ደግሞ በሁለት ወንዝ መሃል ነው ያደርነው።»

ሐምሌ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። የደወሉልኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ናቸው። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥተው ነው የሚያወሩት፣ ድምፃቸው ይቆራረጣል። አብረዋቸው ሦስት መረጃ ሰብሳቢዎች አሉ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሦስቱም ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ብዙም ያልቆዩ። የሄዱት ወደ በለሳ ነው፣ ለሕፃናት አመጋገብ ጥናት። የያዙትን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ የተነሱት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ካርታው ላይ ርቀቱን ለክቼ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ብዬ የጻፍኩላቸውም እኔው ስለሆንኩ፣ ሳይመሽ እንደርሳለን ብለው ነው የወጡት። የመጀመሪያውን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ አሸዋ ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ሁለተኛው ጋ ደረሱ። እነሱ ያሉበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ደጋው ላይ ግን ዘንቧል። ሾፌሩ መኪናውን አቆሙ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። «ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቃለህ? እንደሱ ነው» አሉኝ በኋላ። ደራሽ ውሃ ነው። ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየገፋ መጣ። አንድ ሰዓት ጠበቁ፤ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዞረው ቢመለሱ፣ ያ ቅድም ቁርጭምጭሚት የማይደርሰው ወንዝ ደረት ይደርሳል። አራት ሰው፣ አንድ ላንድክሩዘር፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቆሎ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ። እዚያው አደሩ።

ማንም አልተጎዳም፣ ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ያልተጎዱት ግን ሾፌሩ ከካርታው ይልቅ ጆሯቸውን ስላመኑ ነው። አገሩን የማያውቅ ሰው መሪውን ይዞ ቢሆን፣ መሽቶም ቢሆን፣ ካርታው ላይ ያለውን አንድም ቦታ ያልተቋረጠ ቀይ መስመር አይቶ «መንገዱ ደህና ነው» ብሎ ይገባ ነበር። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴን ይረብሸኛል።

ስልኩን እንደዘጋሁ ፋይሉን ከፈትኩት። ሁለቱም ወንዞች አሉ። መነሻ ባደረግኩት የ1፡50,000 ካርታ ላይ ማለቴ ነው፤ በሰማያዊ ቁርጥርጥ መስመር፣ ክረምት ክረምት የሚፈሱ ተብለው። እኔ ለቡድኑ የሠራሁት ግን 1፡250,000 ነው፣ ሦስት ወረዳ አንድ ወረቀት ላይ እንዲገባ። በዚህ ስኬል 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 250 ሜትር ነው። 12 ሜትር የሚሰፋ ወንዝ በልኩ ይሣል ቢባል የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ እንኳን አይሞላም፣ በዓይን አይታይም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ቶፕፈር የሚባል ጀርመናዊ በ1960ዎቹ ያወጣው ቀመር አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ስኬሉ ሲያንስ ምን ያህል ነገር መውጣት እንዳለበት በስኩዌር ሩት ያሰላል። ከ1፡50,000 ወደ 1፡250,000 ሲኬድ ከ100 ወንዝ ካርታው ላይ የሚቆየው 45 ያህሉ ብቻ ነው። ስንት እንደሚቆይ ይነግርሃል። የትኛው እንደሚቆይ ግን አይነግርህም።

እኔ የትኛው የሚለውን ለርዝመት ተውኩት። ሶፍትዌሩን ከ15 ኪሎ ሜትር የሚያጥረውን ሁሉ አውጣልኝ አልኩት። አንዱ 11 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ሌላኛው 9። አንድ ጊዜ ክሊክ አደረግኩ፣ ጠፉ። ካርታው ጸዳ። አለቃዬ «በጣም ያምራል» ብሎኝ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሌላም አለ። መንገዱን ከሳተላይት ፎቶ ጋር አስተያይቻለሁ፣ ግን ያየሁት ፎቶ የጥር ነው። ክረምት ላይ ደመና ስለሚሸፍነው ጥርት ያለ ፎቶ የሚገኘው ባብዛኛው በበጋ ነው። በጥር ፎቶ ላይ እነዚያ ወንዞች ነጭ አሸዋ ናቸው፣ መንገዱም በላያቸው አልፎ ይሄዳል። ለሐምሌ ጉዞ የጥር ካርታ ነው የሰጠኋቸው።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የድሮ የማስተርስ ማስታወሻዎቼን አወጣሁ። የተማርኩት ኔዘርላንድስ፣ እንስኬዴ ነው፤ እዚያ ለካርታና ለጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ማደራጃ) ትምህርት የሄደ አበሻ ብዙ ነው። የጥንት የባሕር ካርታዎችን ሲያስተምሩን ለፈተና ያህል ብቻ ነበር ያነበብኳቸው። ባሕር ለሌለው አገር ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። አሁን ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

እስከ ዛሬ ከተረፉት የሜዲትራኒያን የባሕር ካርታዎች ቀዳሚው የሚባለው ፓሪስ ይገኛል፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በብራና የተሣለ። የፒዛ ካርታ ይሉታል። ዳርቻው ላይ ስም በስም ላይ ተደራርቧል፣ የብሱ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስሞቹ ሁሉ ከዳርቻው ወደ የብስ ገብተው ነው የተጻፉት፣ ለባሕሩ ቦታ እንዲለቁ። በዚህ ዓይነት ካርታ ላይ ዋና ዋና ወደቦች በቀይ ይጻፋሉ፣ ሌሎቹ በጥቁር። ውሃ ውስጥ የተደበቀ አለት መስቀል ይደረግበታል፣ ጥልቀት የሌለው አሸዋ ነጠብጣብ። እስቲ አስቡት፤ ስንትና ስንት ተራራ ተትቶ መርከብ የሚበሳ አንድ ድንጋይ ምልክት ተሰጥቶታል።

ዋግሄናር የሚባል ኔዘርላንዳዊ የመርከብ መሪ በ1584 ያሳተመው የባሕር ካርታ መጽሐፍ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ስኬሉን ሆን ብሎ ያዛባል። ወደቦቹንና የወንዝ መግቢያዎቹን አስፍቶ ይሥላቸዋል፣ በመሃል ያለውን ዳርቻ ያጠበዋል። መርከብ የሚሰበረው ወደብ ሲገባ ነዋ! ሰውየው ራሱ በባሕር ላይ የኖረ ስለሆነ እጅ የሚንቀጠቀጠው የት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ብዙ የጥልቀት ልኬት ካለና ካርታው ላይ ለአንዱ ብቻ ቦታ ካለ፣ የሚመረጠው ትንሹ ጥልቀት ነው፣ አማካዩ አይደለም። ጥልቀቱ የሚለካውም ባሕሩ እጅግ ከሚጎድልበት ደረጃ ተነስቶ ነው። ካርታው የሚያሳይህ የባሕሩን ክፉ ቀን ነው።

እነሱም ግን ይሳሳታሉ። ኖቬምበር 29፣ 2014 ቬስታስ ዊንድ የሚባል የውድድር ጀልባ ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ ሲጓዝ፣ ከሞሪሺየስ በስተሰሜን ምሥራቅ ካርጋዶስ ካራዦስ በሚባል የኮራል ሪፍ (ውሃ ውስጥ ያለ የኮራል አለት) ላይ በጨለማ ወጣበት። ፍጥነቱ 19 ኖት ነበር፣ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩበት፣ ሁሉም ተርፈዋል። የኤሌክትሮኒክ ካርታ ይዘው ነበር። ካርታውን አርቀው ሲያዩት ግን ሪፉ በደንብ አይወጣም፤ 40 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦታ ነው የመሰላቸው። ዙም ቢያደርጉት ይታይ ነበር። ይህን ሳነብ ፋይሌን አስታወስኩ። የኔም ወንዞች ዙም ቢደረግ ነበሩ። እነዚያ አራት ሰዎች ግን ዙም የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም፤ ላሚኔት ያስደረግኩላቸውን ወረቀት ነው የያዙት።

አለቃዬን ለመንኩና አዲሱን ካርታ ከመጀመሬ በፊት ከሾፌሮቹ ጋር ሁለት ቀን ተፈቀደልኝ። ግቢ ውስጥ፣ ካርታውን ኮፈን ላይ ዘርግተን፣ አምስት ሾፌሮች ተራ በተራ። የማደርገው ነገር ትንሽ ነው። «ከዚህ እዚህ ድረስ በየት በየት ትወስዱኛላችሁ?» እላለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ አያለሁ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። ሰው በሠራኸው ነገር ሲቸገር እያየህ አፍህን ይበላሃል።

አራቱ ካርታውን አዞሩት፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ ከፊታቸው እንዲሆን። ያኔ የኔ ጽሑፍ ሁሉ ተገለበጠ። የጥንቶቹ ባሕረኞች ካርታቸውን ጠረጴዛ ላይ እያዞሩ ነበር የሚያነቡት፣ ስሞቹም ዳርቻውን እየተከተሉ በየአቅጣጫው የተጻፉት ለዚያ ነው፤ ይህን ተምሬዋለሁ፣ ግን ላንድክሩዘር ኮፈን ላይ ሲደረግ እስካይ ድረስ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንዱ ሾፌር ቡናማዎቹን የከፍታ መስመሮች የእግር መንገድ ናቸው ብሎ አሰበ። አስፋልቱንና ኮረኮንቹን በደማቅና በፈዛዛ ቀይ ነበር የለየኋቸው፤ ፀሐይ ላሚኔቱ ላይ ሲያርፍ ሁለቱም አንድ ሆኑ። ቢሮዬ ውስጥ ፀሐይ የለም።

የበለሳው ሾፌር ተራቸው ሲደርስ ካርታውን አልነኩትም።

«ወረቀት አለህ?» አሉኝ።

በኪሴ የነበረው የአበል ቅጽ ነው። ገልብጠው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት፣ ቢክ እስክሪብቶ አወጡ። ከታች «አ/ዘመን» ብለው ጻፉ፣ ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ላይ። መንገዱ ስንት ቦታ ይጠማዘዛል፣ እሳቸው ግን መጠማዘዙን ምንም አላሉትም፤ ሌላ መንገድ የለማ፣ መኪናው ራሱ ይወስድሃል። መስመሩ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ የገበያ ቦታ፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ። ወንዞቹ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ተቀየረ። ደጋግመው፣ እየተጫኑ፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ አጠቆሩት። ጣት የሚያህል ወፍራም። አባይን የሚሥሉ ነበር የመሰለኝ። ከመጀመሪያው ወንዝ ጎን ትንሽ ቤት ሠሩና «ጠይቅ» ብለው ጻፉበት።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«እዚህ ቤት ያሉት ሰውዬ ወንዙን ያውቁታል። ጠዋት እንዴት እንደነበረ፣ ደጋው ላይ ደመና ይኑር አይኑር ይነግሩሃል። ሳትጠይቃቸው አታልፍም።»

በ1450 ገደማ ቬኒስ አጠገብ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ አንድ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠርቶ ነበር። አገራችን ላይ ሲደርስ የጻፈውን ከተማሪነቴ ጀምሮ አልረሳሁትም። መረጃውን ያገኘው እዚያው ከተወለዱ ሃይማኖተኞች እንደሆነ፣ እነሱም አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ለማስገባት ግን ቦታ እንዳጠረው ጽፏል። ያን የአበል ቅጽ ይዤ ቆሜ ይህ ትዝ አለኝ። ሰውየው ቦታ አጠረኝ ብሎ ካርታው ላይ ጽፏል። እኔ «ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ያሉ ወንዞች አልገቡም» የምትል አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

አዲሱን ካርታ ስሠራ የርዝመቱን ነገር ጣልኩት። መንገድ የሚያቋርጥ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ሁሉ፣ ቢያሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ይሁን፣ ይገባል። በሦስቱ ወረዳ 41 መሻገሪያ ወጣ። ምልክቱን እንደ ባሕር ካርታው መስቀል ላደርገው ነበር፤ ለሾፌሮቹ ሳሳያቸው ሁሉም «ቤተ ክርስቲያን ነው?» አሉኝ። ስለዚህ መንገዱን የሚቆርጡ ሁለት ወፍራም ሰማያዊ ሞገዶች ሆነ። ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ በስኬሉ 750 ሜትር ማለት። 12 ሜትር ለሚሰፋ ወንዝ ይህን መስጠት መጀመሪያ ላይ እጄን ያዘኝ። የከፍታ መስመሮቹን አወጣኋቸው። ላሚኔቱን የማያንጸባርቅ አደረግኩት። የበጋና የክረምት ተብሎ ሁለት ካርታ ሆነ፣ የጉዞ ሰዓቱም ለየብቻ። የክረምቱ ጀርባ ላይ እያንዳንዱ መስመር ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተሥሏል፣ ልክ አበል ቅጹ ላይ እንዳለው፣ «ጠይቅ» የሚለውም አለበት። የሚጠየቁትን ሰዎች ቤት ለማግኘት ብቻ ሌላ የመስክ ጉዞ አስፈልጎናል፣ አለቃዬም ብሩን ለማስፈቀድ ብዙ ተሟግቷል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

በቀጣዩ ክረምት ካርታው ወጣ። መስከረም ላይ ስድስቱም ቅጂዎች ጭቃ ጠጥተው ተመለሱልኝ። የበለሳው ላይ በእስክሪብቶ አምስት ቦታ ተጽፎበታል። ሁለተኛው ወንዝ ዳር ገደሉን ጎርፍ ስለበላው መሻገሪያው ወደ ታች ወርዷል፣ አንድ ቦታ ድልድይ ተጀምሯል፣ ከ«ጠይቅ» ቤቶች አንደኛው ሰዎቹ ለቀው ሄደዋል። ሦስቱን ዛሬ አስተካክያለሁ። ሁለቱን ጽሑፉ ረጥቦ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሾፌሩ ሰኞ ከፈቃድ ሲመለሱ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን።