እናቴን ይዤ አክሮፖሊስ የወጣሁበት ቀን

እናቴ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ልትጠይቀን ቪዛ ባገኘች ጊዜ፣ በዚያው ቪዛ ግሪክም መሄድ እንደምትችል ያሰበችው ትልቋ ልጄ ናት። «እማማ፣ ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ የሰበከበትን ቦታ ማየት አለብሽ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ጉዞው የማይቀር ሆነ።

ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያበዛሁትም እኔ ነኝ። በአንድ ቀን አክሮፖሊስን (አቴና መሃል ያለውን የጥንት ኮረብታ)፣ ሙዚየሙን፣ አጎራ የሚባለውን የጥንት ገበያ፣ የዜውስን ቤተ መቅደስ፣ ማታ ደግሞ ሱንዮን ወርደን ባሕር ዳር ያለውን የፖሲዶንን ቤተ መቅደስ ልናይ ነበር። በሐምሌ ፀሐይ፣ ጉልበቷን የሚያማትን የ72 ዓመት ሴት ይዘን። ያየነው የዚህን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ዛሬ ብሄድ ግን ያንኑ ያህል ብቻ ነው የማየው።

ከዕቅዴ ሁሉ የጠቀመን ሰዓቱ ነው። የአክሮፖሊስ ትኬት በመግቢያ ሰዓት ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው፤ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አያስገቡም። እኔ አስቀድሜ በኢንተርኔት የመጀመሪያውን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱን 2 ሰዓት ቆረጥኩ። ሙቀቱ በሚበረታባቸው የበጋ ቀናት ቦታውን እኩለ ቀን ላይ ለተወሰኑ ሰዓታት ይዘጉታል፤ ስለዚህ ልጆችና አረጋውያን ይዞ የሚሄድ ሰው ከጠዋቱ ሌላ ሰዓት ባያስብ ይሻለዋል።

መግቢያው ላይ ግን ተሳሳትኩ። ሰልፉ አጭር ነው ሲሉ ሰምቼ በደቡብ ምሥራቁ በር ገባን። መንገዱ በዲዮኒሶስ ቲያትር በኩል አድርጎ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። መራመድ ለሚከብዳቸው ሰዎች የተሠራ ሊፍት በሰሜን በኩል እንዳለ የሰማሁት እናቴ ሦስተኛው ጥላ ሥር ዐርፋ ስትቀመጥ ነው። አንድ ጥያቄ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ያን ያህል ባልለፋች። ትንሹ ልጄ ደግሞ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጎ ሁለት ጊዜ አንሸራተተው፤ እብነ በረዱ በብዙ ዘመን እግር ተፍቆ እንደ ሳሙና ሆኗል።

ላይ ስንደርስ ያጠናሁትን መዘርዘር ጀመርኩ። ትልቁ ቤተ መቅደስ፣ ፓርቴኖን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ተሠራ፣ አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ናቸው፣ ፊት ለፊቱ 8፣ በጎኑ 17 ዓምድ አለው . . . ልጆቹ አንዲት ድመት ያያሉ። እናቴ ግን «ይህን ሁሉ ዘመን ማን ጠበቀው?» አለች። ከ800 ዓመት በላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ፣ በኋላም መስጊድ እንደሆነ፣ በ1687 እ.ኤ.አ. ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር መድፍ መትቶት እንደፈረሰ ነገርኳት። «የእመቤታችን ቤት ነበራ!» አለችና አማተበች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሱ ዞራ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም። ባሩዱን የሰሙት ልጆች ደግሞ የፈረሰው የት ጋ እንደሆነ መፈለግ ጀመሩ።

ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ልጁን ማዕዘኑ ላይ አጎንብሶ በደረጃው ጠርዝ አቅጣጫ እንዲያይ አደረገው። መሃሉ ከፍ ይላል፤ በረጅሙ ጎን 11 ሳንቲ ሜትር ያህል። «ውሃ ልክ አጥተው አይደለም፤ አስበውበት ነው» አለው። ሕንፃው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ሲባል መስመሮቹን ማጉበጣቸውን እኔም አንብቤ ነበር፤ በእሱ አፍ ሲነገር ግን ልጁ ደጋግሞ አጎነበሰ።

በምዕራቡ በር ወርደን ጳውሎስ የሰበከበት አርዮስፋጎስ ደረስን። ትኬት የለውም፤ ባዶ ዐለት ነው። ከጥንቱ የተፈለፈለ ደረጃ አጠገብ የብረት ደረጃ ስላለ እናቴ መደገፊያውን ይዛ ወጣች። ከዐለቱ ሥር የጳውሎስ ስብከት በነሐስ ላይ በግሪክኛ ተጽፏል፤ እሷ ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን በቃሏ ታውቀዋለች። «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተለወጠ። እግዚአብሔር እጅ በሠራው መቅደስ አይኖርም የሚለውን ስትል ደግሞ ቀና ብላ ፓርቴኖንን አየችው። እዚያው ፊት ለፊቷ ነው። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጳውሎስ ያን ሲናገር ምን እያየ እንደነበር ግን አስቤው አላውቅም።

የአርዮስፋጎስ ስም የአሬስ፣ የግሪኮች የጦርነት አምላክ፣ ኮረብታ ማለት እንደሆነ ስነግራቸው አክሱም ትዝ አለኝ። ንጉሥ ኤዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በድንጋይ ባስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ይላል፤ በግእዙ አሬስ የተባለው ማሕረም ነው። ልጆቼ የግሪክ አምላክ ስም በእኛ ንጉሥ ድንጋይ ላይ መኖሩን ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው።

ከዐለቱ ላይ የሄፋይስቶስ ቤተ መቅደስ ጣሪያው ሳይቀር በታች ይታያል። ወደዚያ መውረድ ነበረብን። የእናቴን ጉልበት አየሁና ተውኩት።

ቀትሩን ሙዚየም ውስጥ ማሳለፋችን ልክ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ መቀመጫ አለ። እዚያ ነው ልጄ ከአንድ የተቀረጸ ድንጋይ ፊት ቆሞ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፻ ነው!» ያለው። ሮ የሚባለውን የግሪክ ፊደል እያሳየኝ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት የግእዝ ቁጥር እየተማረ ነው። የእኛ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፤ ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበር፣ አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ሮ 100። ከዚያ በኋላ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሮጠ ፴ን በላምዳ፣ ፱ን በቴታ ሲፈልግ ዋለ። እኔ ለወር ያጠናሁት ያላደረገውን ይህ አደረገው።

ልጄ ደግሞ ከሴት ዓምዶቹ፣ ከካርያቲዶች ዘንድ አልንቀሳቀስ አለች። አምስት ናቸው፤ ስድስተኛዋ ሎንዶን ብሪቲሽ ሙዚየም ናት፤ ቦታዋን ባዶ ትተውላታል። ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተዘረፉ ታቦቶቻችንም እዚያው ሙዚየም እንዳሉ ነገርኳት። «ለእነሱስ ባዶ ቦታ አለን?» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅኩም።

ሱንዮን ቀረ። አመሻሹ ላይ ከሙዚየሙ ፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ዳር ተቀመጥን፤ መንገዱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 መጨረሻ ባመነው በዲዮናስዮስ ዘአርዮስፋጎስ ስም መጠራቱን ስነግራት እናቴ መሬቱን በእጇ ነካችው። ልጄ የእሷን ዕድሜ በሶፍት ላይ በግሪክ ፊደል ጻፈ፤ ከሥሩ ፸፪ ብሎ ጨመረበት። አጥፋ ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው።