ከስልሳ በኋላ ጊታር፦ ጣታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አላባክንም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። እዚህ ጅማ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጊታራቸውን ቁም ሳጥን ላይ የሰቀሉ ሰዎች አውቃለሁ። የሚሉት አንድ ነው፦ «ጣቴ እምቢ አለኝ»። እኔንም እንደዚያ ሊያሳምኑኝ ሞክረዋል። አልተቀበልኩም፤ ባለመቀበሌም ዛሬ እጫወታለሁ።

ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። ኮርድ፣ ማለትም ባንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን አያያዝ፣ የተማርነው ከካሴት እየሰማን፣ አንዳችን የሌላውን ጣት እያየን ነው። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ጊታሩ ቀረ። ጡረታ ስወጣ የእህቴ ልጅ አንድ ቦክስ ጊታር ይዞልኝ መጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ኤ ማይነር። ለጀማሪ መጀመሪያ የሚሰጡት እነዚህን ነው፤ ሁሉም ሰው ቀላል ይላቸዋል። ቦታቸውን አልረሳሁም። ጣቴ ሄዶ ቦታው ላይ ያርፋል፤ ስጫነው ግን ክሩ አይወርድልኝም። ሲ ስይዝ የሌባ ጣቴ ጫፍ ይነድዳል። የአውራ ጣቴ ሥር፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ፣ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል። አንዱን ጣት በክሮቹ ላይ አጋድሞ መጫን የሚጠይቀው ኤፍማ ጨርሶ የማይታሰብ ሆነ።

ሕክምና ሄድኩ። ባለሙያው እጄን በቅጡ ሳያይ «ዕድሜ ነው አባባ፣ ጊታሩን ይተዉት» አለኝና የሕመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። መገጣጠሚያ በዕድሜ እንደሚበላ አልክድም፤ የአውራ ጣት ሥርም በዚህ ከሚጠቁት ቦታዎች አንዱ ነው። ግን ሰውን «ተው» ከማለት በፊት እንዴት እንደሚይዝ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ መጠየቅ አይገባም? አንድ ነገር አልጠየቀኝም።

ነገሩን የገለጠልኝ ካፖ ነው። ካፖ የጊታሩን አንገት ቆንጥጦ ስድስቱንም ክር ባንዴ የሚይዝ መቆንጠጫ ነው። የእህቴ ልጅ ለድምፁ እንዲስማማው ብሎ አንደኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በተርታ የተሰካው ብረት ነው) አሠረውና ጊታሩን መለሰልኝ። ያንኑ ሲ ያዝኩ። ወረደልኝ! ኤ ማይነር ያዝኩ፣ እሱም ወረደ። ካፖውን ሳወጣው ተመልሶ ድንጋይ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ክሮቹ በሁለት ማረፊያዎች መካከል ተወጥረዋል። አንዷ ከታች፣ ቀኝ እጃችን በሚመታበት በኩል ያለችው ናት። ሌላዋ ራስጌ ላይ፣ ከመቃኛ ቁልፎቹ ሥር ያለችው፣ ስድስት ቦይ የተቀደደላት ነጭ ቁራጭ ናት። የራስጌዋ ቦዮች ጥልቀት ካነሳቸው ክሩ ከመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብዙ ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፤ ቦዩ ከመጠን በላይ ከወረደ ማረፊያዋ ስለምትበላሽ ከፍ አድርጎ መተው ይቀላቸዋል። መሠረታዊዎቹ ኮርዶች ደግሞ የሚያዙት እዚያው፣ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ፍሬት ድረስ ነው። ስለዚህ ጀማሪውና ሽማግሌው የሚታገሉት ጊታሩ በጣም በሚከብድበት ቦታ ላይ ነው። ካፖ ሲታሰር የራስጌዋ ማረፊያ ሥራ ትፈታለች፤ ክሩ ፍሬቱ ላይ ያርፋል። በካፖ ከቀለለላችሁ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ሌላም መመርመሪያ አለ። አንዱን ክር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫኑት። ከዚያ አንደኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። በዓይን ለጥቂት የሚታይ መሆን አለበት፣ ከስስ ወረቀት ያልበለጠ። የእኔው ላይ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ያስገባ ነበር።

እስከዚህ ድረስ መልካም። የተበላሸው ጥገናው ላይ ነው።

ከተማው ውስጥ ስፒከርም ኪቦርድም ጊታርም እጠግናለሁ የሚል ሰው ጋ ወሰድኩት። ቁልጭ አድርጌ ነገርኩት፦ «ከፍ ያለችው የራስጌዋ ናት። ቦዮቿን ቀስ እያልክ አውርድልኝ። የታችኛዋን እንዳትነካ»። «ገብቶኛል ጋሼ፣ ሐሙስ ይምጡ» አለና ቀብድ ተቀበለ። ሐሙስ ሄድኩ፤ ጊታሩ ካስቀመጥኩበት አልተነሳም። «መብራት ጠፍቶብኝ ነው፣ ሰኞ ይምጡ»። ሞረድ መብራት አይፈልግም። ሰኞ ስሄድ «ዕቃ እየጠበቅኩ ነው» አለኝ። የምን ዕቃ? ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀጭን ሞረድ፣ ጥሩ ዓይንና ትዕግሥት ነው። ከዚያ ክረምቱ ገባ። በጅማ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ከመርካቶ እስከ ቤቴ በባጃጅ እየተመላለስኩ ጊታሬን ለመንኩ።

በመጨረሻ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ስቃኘው ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ንጹሕ ድምፅ የለም። ዝዝዝ ይላል። የታችኛዋን ማረፊያ አየኋት። ሞርዷታል፤ ያውም አጣሞ፣ በቀጭኖቹ ክሮች በኩል አብዝቶ። የራስጌዋን ጭራሽ አልነካትም። ሲ እንደ ድሮው ነው፣ ኤፍ እንደ ድሮው ነው። የጨመረልኝ ነገር ቢኖር ዝዝታ ነው።

ይህ ለምን እንደማይሠራ ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ እናንተም ስትሄዱ ንገሯቸው። የተለመደ ጊታር ክር ከማረፊያ እስከ ማረፊያ 650 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ፍሬት ከራስጌዋ የሚርቀው 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የታችኛዋን ማረፊያ 1 ሚሊ ሜትር ብታወርዱ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንደኛው ፍሬት ላይ ግን የሚወርደው 0.06 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከታች የፈለጉትን ያህል ቢሞርዱ ኮርድ የሚያዝበት ቦታ አይቀልም። ይህ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው ማለት ይቻላል፤ ሙያዬ ነው ያለ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ተመልሼ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ጣትዎ ደክሞ ነው እንጂ ጊታሩ ልክ ነው። ልጆች ሞክረውት ወደውታል»። ገንዘቡ ብዙም አላናደደኝም። ያናደደኝ ይህ ንግግር ነው። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነበር። አንድ ሰው ፀጉሩ ከሸበተ፣ የሚያቀርበው አቤቱታ ሁሉ ወደ ዕድሜው ይመለስበታል። ጫማ ቢጠበው እግሩ ነው ይሉታል። እኔ የጊታሩን ጉድለት በጣቴ እያሳየሁት እሱ ጣቴን ያያል። የእህቴ ልጅ ካፖውን አሥሮ ልዩነቱን አሳየው፤ ሰውየው ስልኩን ያነሳና ሌላ ደንበኛ ያነጋግራል። ጊታሬን ይዤ ወጣሁ። ቀብዱም እዚያው ቀረ።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። በሦስት እግር የሚቆመውን የጅማ በርጩማ የሚሠራ አናጺ ጎረቤት አለኝ። ጊታር በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም። ነገር ግን የተናገርኩትን ሰማ፣ ደግሞም ጠየቀኝ፣ ደግሞም ለካ። ተበላሽታ የነበረችውን የታችኛዋን ማረፊያ ጣልናትና ከበሬ ቅልጥም አዲስ ሠራን። አጥንቱን ከሥጋ ቤት አመጣሁ፣ ቅባቱ እስኪወጣ ቀቀልኩት፣ አደረቅኩት። እሱ በመጋዝ ሰንጥቆ በሞረድ አለሰለሰው። ጥሩ ጥሩ ጊታሮችም ላይ ማረፊያው አጥንት ነው፤ እኛ አገር ደግሞ አጥንት አይቸግርም።

የራስጌዋን እንዲህ አወረድናት። አንድ ክር እናላላለን፣ ከቦዩ እናወጣለን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ እንሞርዳለን፣ ክሩን መልሰን ወጥረን ያንን ክፍተት እናያለን። ለወፍራሞቹ ክሮች ቦይ አሮጌ ክር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለን ተጠቀምን። ቦዩ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ በኩል ትንሽ ማዘቅዘቅ አለበት። መቸኮል ፈጽሞ አይቻልም። ከመጠን ካለፈ ምንም ሳይያዝ የሚመታው ክር ዝዝ ይላልና ሌላ ማረፊያ መሥራት ግድ ይሆናል። አንድ ከሰዓት ፈጀብን። ማታ ሲ ያዝኩ፣ ያለ ካፖ። ስድስት ዓመት ኪነት ውስጥ የመታ ሰው እንዲህ በሲ ይደሰታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቀረው ቀላል ነው። ክር ስትገዙ የቀጭኑ ክር ቁጥር 10 የሆነውን ጠይቁ፤ 12 አትግዙ። ድምፁ ይሳሳል ይሏችኋል። ይሳሳ። ናይሎን ክር ለጣት የበለጠ ይለሰልሳል፣ ግን ናይሎን ለመግጠም የተሠራው ጊታር አንገቱ ሰፊ ስለሆነ አውራ ጣቱን ለሚያመው ሰው ሌላ ጣጣ አለው። የብረት ክር ደግሞ በናይሎን ጊታር ላይ በፍጹም እንዳትገጥሙ፤ ከታች ያለውን እንጨት ይነቅለዋል።

አሁን አስተማሪዎች የማይወዱትን ልናገር። ክሮቹን ሁሉ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም የሁለት ፍሬት ያህል፣ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙና ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰሩ። ድምፁ ያው መደበኛው ነው። ውጥረቱ ግን በ21 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የራስጌዋም ችግር አይነካችሁም፤ ፍሬቶቹም ይቀራረባሉ። አናጺ ለሌለው ሰው ይህ ብቻውን ሊበቃው ይችላል። «ካፖ የሰነፍ ነው» የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ኤፍን ተውኩት። «ኤፍን ያልያዘ ጊታሪስት አይባልም» የሚለውን ለወጣቶች ይንገሩ። የጃዝ ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከተጎዱ በኋላ በአብዛኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው ዓለምን ያስደመመው። በኤፍ ፈንታ ቀጭኑን ክር ክፍት ትቼ ሦስት ክር ብቻ እይዛለሁ፦ ከቀጭኑ ስንቆጥር አራተኛውን ሦስተኛ ፍሬት ላይ፣ ሦስተኛውን ሁለተኛ ፍሬት ላይ፣ ሁለተኛውን አንደኛ ፍሬት ላይ። ኤፍ ሜጀር ሰባት ይሆናል። ለእኛ ዜማ ደግሞ ይስማማል። ትዝታ ማይነርን ከኤ ብትነሱ ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው፤ ክፍት የቀረው ኢ ከቅኝቱ አይወጣም።

ከዚህም የተሻለ አለ። ትዝታ ማይነርን ከኢ ተነሱ፦ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ቢ፣ ሲ። ያን ጊዜ የሚያስፈልጓችሁ ኮርዶች ኢ ማይነርና ሲ ናቸው። ኤፍ የለ፣ ትግል የለ። ኢ ማይነር በሁለት ጣት ይያዛል። ዘፋኙ ከኤ ከፈለገ አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰሩና በዚያው ኢ ማይነርና ሲ አጅቡት። እዚያ ላይ ፍሬቶቹ ጠበብ ስለሚሉ፣ 36 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 27 ስለሚወርድ፣ ማርያም ጣት እንኳ ሳትጨነቅ ትደርሳለች። ይህን ወጣት ሆኜ የነገረኝ አልነበረም። ቅኝቱን በክራር እናውቀዋለን፣ ጊታር ስንይዝ ግን ኮርዱን ከፈረንጅ መማሪያ እየገለበጥን ራሳችንን እናደክማለን።

ጂንም ሁልጊዜ ሙሉውን አልይዝም። ቀጭኑን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ይዤ አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ እመታለሁ። ጂ ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

ጠዋት አልጫወትም፤ ጣት ጠዋት ይደርቃል። እጄን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ እነክርና ከሰዓት በኋላ እይዘዋለሁ፣ አጠር እያደረግሁ፣ በየመሃሉ እያረፍኩ። «እስኪያምህ ተለማመድ» የሚለው ምክር ለእኛ መርዝ ነው። ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ተጫኑ፣ መሃል ላይ አይደለም። አውራ ጣት ይደግፍ እንጂ አይጭመቅ።

ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ የጊታሩ ሆድ ይነፋል፣ ክሮቹም ከፍ ይላሉ። በሐምሌ ከበድ ቢላችሁ አትደንግጡ። በቦርሳው ውስጥ አስቀምጡት። ይድረቅ ብላችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታደርጉት፣ ሙጫው ይለቃል። ማረፊያዋንም በበጋ አስሞርዱ።

ጣታችሁ ታጥፎ ቀርቶ ሲዘረጋ ቋ ብሎ የሚላቀቅ ከሆነ ግን ይህ ከጊታሩ አይደለም። የጅማት መተላለፊያው ጠቦ ነው፤ ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ አብዝቶ ይይዘዋል። ሕክምና አለው፤ በማሳረፍ፣ በመርፌ፣ ካልሆነም በትንሽ ቀዶ ጥገና። ስትሄዱ ጊታር እንደምትጫወቱ ንገሩ፣ አያያዛችሁንም አሳዩ። እጃችሁን ሳይነካ «ዕድሜ ነው፣ ይተዉት» ካላችሁ ተነሡና ሌላ ሐኪም ጋ ሂዱ።