የኤሌክትሪክ ምጣድ ንድፍ በሦስት ፕሮፖዛል

ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወለደው ላሜራ ተቆርጦ፣ ሬዚስታንስ (የሚግለው ሽቦ) ተጠምዝዞ፣ "እስቲ ጋግሩበት" ተብሎ ነው። አራተኛው ናሙና ላይ ሲደረስ ከሁለተኛው በምን እንደሚለይ የሚያውቅ አይኖርም። ንድፉን በሦስት ፕሮፖዛል ከፍሎ፣ የየደረጃውን አስተያየት ከነመልሱ መጻፍ ይሻላል።

የመጀመሪያው ፕሮፖዛል ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሥዕል ባይኖረውም ቁጥር ይኑረው፦ ስፋት 58 ሳ.ሜ፣ ኃይል 3,500 ዋት፣ 220 ቮልት። ይህን ያየ የኤሌክትሪክ ባለሙያ 3,500ን ለ220 አካፍሎ 15.9 አምፔር ያገኛል። የግድግዳ ሶኬት 16 አምፔር ከሆነ ትርፍ አቅም የለውም ማለት ነው፤ ግንኙነቱ ትንሽ ከላላ ስፒናው ይግላል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ ወይ ኃይሉ ወደ 3,000 ዋት (13.6 አምፔር) ይወርዳል፣ ወይ የብቻው መስመርና ብሬከር ይታዘዝለታል። በዚህ ደረጃ ለውጡ አንድ ቁጥር ሰርዞ ሌላ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ፕሮፖዛል ሥዕሉ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሳታየው አይጽደቅ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፤ መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል። 8 በመቶ የሚኮማተር አፈር ከሆነ 58 ሳ.ሜ ምጣድ ለማግኘት ጭቃው 63 ሳ.ሜ ሆኖ መሠራት አለበት። ሥዕሉ ላይ "58" ብቻ ከተጻፈ የጭቃው ልክ ይሁን የተተኮሰው አይታወቅም፤ ምጣዱ መጥቶ ክፈፉ ውስጥ ሲንከላወስ ነው የሚታወቀው። ከአንድ እጅ የወጡ አሥር ምጣዶች ለክቶ ትልቁንና ትንሹን መጻፍ፣ ክፈፉንም በትልቁ ልክ መቁረጥ ያዋጣል። የሬዚስታንሱ ቦይ ደግሞ ዙሪያው ላይ ቀረብ ቀረብ ይበል፤ ጠርዙ ከመሃሉ ይልቅ ሙቀት ያባክናል፣ እንጀራው ዳር ዳሩን ሳይበስል የሚቀረው በዚሁ ነው።

ሦስተኛው ናሙናው ነው፤ ብዙ አስተያየት የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። "ጥሩ ነው" ወይም "ይዘገያል" የሚል መልስ ምንም አይረዳም። ለጋጋሪዎቹ የሚሰጠው ወረቀት አራት ነገር ይጠይቅ፦ ምጣዱ ተሟሽቷል ወይ? ሲጋገር ቮልቱ ስንት ነበር? ከተለኮሰ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያው እንጀራ ወጣ? ዓይን ያላወጣው የትኛው ቦታ ነው? ያልተሟሸ ምጣድ ይይዛል፤ ያ የንድፉ ጥፋት ስላልሆነ ከቆጠራው ይውጣ። ቮልቱም ቀላል አይደለም፤ ኃይል በቮልት ካሬ ስለሚለዋወጥ 220 ወደ 190 ሲወርድ የ3,000 ዋቱ ምጣድ 2,240 አካባቢ ብቻ ይሰጣል። "ይዘገያል" ያለችው ጋጋሪ እውነቷን ነው፣ ግን መድኃኒቱ ሬዚስታንስ መቀየር ላይሆን ይችላል።

ናሙናው ከወርክሾፕ ሳይወጣ በቴስተር ይለካ። ለ3,000 ዋት ሬዚስታንሱ 16 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከሬዚስታንሱ እስከ ላሜራው ግን ምንም ማለፍ የለበትም። ሬዚስታንሱ ቦዩ ውስጥ የተሸፈነበት ጀሶ ሳይደርቅ ከተሰካ ላሜራው ሰው ይነዝራል። የመሬት ሽቦ የሌለው ናሙና ለማንም አይሰጥ።

መዝገቡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ የናሙናው ቁጥር፣ አስተያየቱ በተናጋሪው ቃል፣ ውሳኔው፣ ምክንያቱ። ውድቅ የተደረገውን ሐሳብ ምክንያት መጻፍ ተቀባይነት ካገኘው ይበልጣል፤ "ለምን 3,500 አላደረጋችሁትም?" የሚል ሰው በየጊዜው ይመጣልና። አስተያየት የሚሰበሰብበት ቀነ ገደብም ይቆረጥ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ለቀጣዩ ዙር ይቀመጥ። የናሙናው ቁጥር በማርከር ሳይሆን በፖንሳ (ቁጥር መምቻ ብረት) ላሜራው ላይ ይመታ፤ ማርከር ብዙ ጋገራ አይቆይም።